አረፋውን ራሱ የሚሠራ ማሽን

ሰኞ

ሰብለ ከጅማ ተመለሰች። ገና ጫማዋን ሳታወልቅ «አይሆንሽም እትዬ ዘኑ፣ ተይው» አለችኝ።

ይህን ለመስማት ነው እንግዲህ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ በስልክ ማሽን ሳይ ዓይኔ የጠፋው። ማሽኑ ቡናውን ራሱ ይፈጫል፣ ወተቱን ራሱ ይስባል፣ ያሞቃል፣ አረፋ ያደርጋል፣ ሲኒው ላይ ይደፋል። የሰው ሥራ አንድ ጣት ብቻ ነው። አንድ ጣት ደግሞ አለኝ። የቀኝ እጄ ከባጃጁ መገልበጥ ወዲህ ልብስ ለመያዝ ካልሆነ የወተት ጆግ የሚሸከም አልሆነም፤ ትንሽ ቆይቶ ይንቀጠቀጣል። ማኪያቶ በመሥራት ያረጀሁ ሴት፣ ወተት መያዝ አቅቶኝ ቤት ቀረሁ። ሆቴሉ «እስኪሻልሽ ዕረፊ» ብሎ ሸኘኝ። እስከ ዛሬ እያረፍኩ ነው።

ሐሳቤ ቀላል ነበር። የፊት ለፊቷ ክፍል መስኮት ወደ መንገዱ ነው። ጠዋት ጠዋት አስተማሪውም የቢሮ ሠራተኛውም በዚያ ያልፋል። ማሽኑን መስኮቱ ሥር አስቀምጣለሁ፣ ማኪያቶ እሸጣለሁ፣ የማንንም እጅ አልለምንም። ሰብለን ድሮ «ነይ አብረን እንሥራ» ብያት «ደመወዜን ለመስኮት አልለቅም» ብላኛለች። አልተቀየምኩም። ለዚህ ነው እጅ የማይፈልግ ማሽን የፈለግኩት።

ሰብለ ለአክስቷ ጉዳይ ጅማ ስትሄድ፣ «በዚያው ሻጩ ጋ ግቢና እዪልኝ» አልኳት። ወተት የሚያውቅ ሰው ማየት አለበት። እሷን ደግሞ ወተት ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ከቢታ ገነት መጥታ ሆቴሉ ስትገባ ጆግ በየት በኩል እንደሚያዝ አታውቅም ነበር። «ዓይኔም እጄም ሁኚልኝ» ብዬ ላክኋት።

ያለችው ይኸው ነው፦ «ወተቱን የሚስበው ቱቦ ቀጭን ነው። የካርቶን ወተት ነው የሚፈልገው። የእኛ ወተት ስቡ ብዙ ነው፣ አያልፍበትም። አስሞክሬው ቀዝቃዛ ሆኖ ወጣ።»

አመንኳት። ለምን አላምናትም? ከገጠር የሚመጣልን ወተት ሲያድር ላዩ ላይ የሚጋግረውን ቅባት አውቀዋለሁ፤ የትልቁን ማሽን የእንፋሎት ቀዳዳ ስንት ጊዜ በመርፌ ከፍቻለሁ። ስትሄድም ያስጠነቀቅኳት ይህንኑ ነው። «በእኛ ዓይነት ወተት አስሞክሪ፣ በካርቶን ወተት እንዳይሸውዱሽ» ብያት ነበር።

እራት አልበላሁም። ታደሰ የተማሪዎቹን ፈተና እያረመ በመነጽሩ ላይ አየኝና ምንም አላለም። የአስተማሪ ባል ጥሩነቱ ዝም ማለት መቻሉ ነው።

ማክሰኞ

ሌላ ልፈልግ ተነሣሁ። ያለው ምርጫ ይህ ነው፦

ትልቁ፣ የሆቴል ዓይነቱ። ቤቴም አይችለው፣ የሰፈራችን መብራትም አይችለው።

ቡናው በትንንሽ የቆርቆሮ ዕቃ ታሽጎ የሚመጣለት። በካፋ ምድር ተቀምጬ የታሸገ ቡና ከውጭ ላስመጣ! ወንድሜ ማንኪራ ሆኖ ይህን ቢሰማ ቡና መልቀሙን ትቶ ሽማግሌ ይሰበስብብኛል።

ትንሹ፣ በእጅ የሚሠራው። ቡናው ጥሩ ይወጣል። ወተቱን ግን ጆግ ይዘህ በእንፋሎት ራስህ ታፈላለህ። በየትኛው እጅ?

ያ ራሱ የሚሠራው። እሱን ሰብለ አይሆንም ብላለች።

ግን ልቤ አልቆርጥ አለ። ሻጩ ጋ ደወልኩ። እስቲ ሌላ ዓይነት ካለው ልጠይቅ ብዬ ነው። «ያኛው ተሸጠ እኮ እህቴ» አለኝ። «ዛሬ ጠዋት ተጫነ። ወደ እናንተው ነው የሄደ፣ ቦንጋ።»

«የቱቦው ነገርስ?» ልለው አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። ሰብለን ማሳጣት መሰለኝ። ሴትዮዋ ደክማ አይታልኝ፣ እኔ ደግሞ ከኋላዋ ሌላ ሰው ልጠይቅ? አይሆንም አልኩ። ዘጋሁት።

ከዚያ ደግሞ ለገዛው ሰው አዘንኩለት። ማን ይሆን ምስኪን? በካርቶን ወተት ስንት ቀን ሊሠራ ነው? ለታደሰ ነገርኩት። «ፈልገሽ አስጠንቅቂው እንጂ» ብሎ ሳቀ። የምር እኔም አስቤው ነበር።

ረቡዕ

ስኳር ልገዛ ጋሽ ሰይድ ሱቅ ሄድኩ። ጋሽ ሰይድ ከወሎ መጥቶ እዚህ ወልዶ የከበደ ሰው ነው፤ ሱቁ መነኻሪያውን ያያል፣ ምን እንደወረደና ምን እንደተጫነ ከእሱ የሚደበቅ የለም። ከሩቅ አይቶኝ «ማሻ አላህ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! ገባልሽ አይደል ማሽኑ?» አለኝ።

የቱ ማሽን? አልኩት።

«ያ ሲኒ የተሣለበት ካርቶን ነዋ። ትናንት ከሚኒባሱ ሲወርድ አላየሁም? ሰብለ አይደለች ሆቴሉ በር ላይ ተቀብላ ያስገባችው? ቤትሽ እስኪሰናዳ አስቀምጣልሽ ነው ብዬ...»

ፊቴን ሲያይ አቆመ። ዘወር ብሎ የተደረደረውን ሳሙና እንደገና መደርደር ጀመረ። እኔም ስኳሩን ረስቼ ጨው ገዝቼ መጣሁ። ጨው ሞልቶናል።

ሌላ ማሽን ይሆናል። ሲኒ የተሣለበት ካርቶን ስንት አለ። ሰብለም የሆቴሉ ሠራተኛ ናት፤ ዕቃ ሲመጣ ብትቀበል ምን ይገርማል? ሆቴሉ ቢገዛስ፣ ባለቤቱ ራሱ አስቦ ቢገዛስ? ግን አይሆንም ያለችው ማሽን ከሆነ ለምን አልከለከለችውም?

እንዲህ ሳወጣ ሳወርድ ዋልኩ። ታደሰ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ነገርኩት። «ሄደሽ አንድ ማኪያቶ አትጠጪም?» አለ።

ዛሬ ጾም ነው አልኩት። እውነት ነው፣ ረቡዕ ነው። ግን ጾሙ ባይኖርም አልሄድም ነበር። እስከ ነገ ድረስ ጓደኛ እንዳለኝ ሆኜ ልደር ብዬ ነው።

ሐሙስ

ወተቱ ትኩስ ነበር።

ከሆቴሉ ከወጣሁ ወዲህ ያንን በር ረግጬው አላውቅም። ነጠላዬን አስተካክዬ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ገባሁ። ትልቁ ማሽን ድሮ የቆምኩበት ቦታ አለ፤ ከጎኑ ትንሽ ጥቁር ማሽን፣ ወተቱን የሚስብበት ዕቃ እንደ ጥጃ አጠገቡ ቆሟል። በስልኬ ስንት ጊዜ አገላብጬ ያየሁት እሱ ነው። ቁልፎቹን ሳይቀር አውቃቸዋለሁ። የባለቤቱ እህት ልጅ አጠገቡ ቆማ ሰብለ ስትሠራ ታያለች፤ መማሯ ነው መሰለኝ። ምን የሚማሩት አለውና።

ሰብለ ቀና ስትል አየችኝ። «እትዬ ዘኑ...» አለች።

«አንድ ማኪያቶ» አልኳት።

«እትዬ ዘኑ፣ ልነግርሽ ነበር እኮ...»

«ማኪያቶ ነው ያልኩት።»

ተጫነችው። ፈጨ፣ አጉረመረመ፣ ወተቱን ሳበ። ሲኒውን ስይዘው ጣቴን አቃጠለኝ። አረፋው ድፍን ያለ፣ ስኳር ብታስቀምጪበት የማይሰምጥ። ቀመስኩት። የወይራ ጢስ ሸተተኝ። የካርቶን ወተት ወይራ አይሸትም። ያ የእኛው ወተት ነው፣ በወይራ በታጠነ ዕቃ ከገጠር የመጣው፣ አያልፍበትም የተባለው። እንደ ልቡ አልፎበታል።

እስከ መጨረሻው ጠጣሁት። ልተወው ነበር፣ ግን ጥሩ ነበር፤ ይሄ ነው የባሰ ያንገበገበኝ።

ባለቤቱ ከውስጥ ወጣ። «ዘነበች! እጅሽ ተሻለሽ?» አለኝ፣ ትናንት የተለያየን ይመስል። ከዚያ ወደ ማሽኑ እያሳየኝ «አየሽልኝ ይህችን? ሰብለ ናት መርጣ ያመጣችልን። በስልክ ስታጠና ከርማ!»

ስታጠና ከርማ! ዓይኔ የጠፋበትን፣ እያንዳንዱን ነገር እየደወልኩ የነገርኳትን፣ «ይኼኛው ወተቱን ያቃጥላል፣ ያኛው ይሻላል» እያልኩ ያወራኋትን። ሰብለ ሲኒ ማጠብ ጀመረች፤ የታጠበ ሲኒ።

ከፈልኩ። ስወጣ «ትኩስ ነው» አልኳት።

ዓርብ

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይላሉ። ሲሉ እሰማ ነበር። መሬቱ እንዲህ ጠንካራ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር።

ከድታኛለች። ደጋግሜ ብጽፈውም ያው ነው። የጎዳኝ ማሽኑን ለሌላ ሰው መግዛቷ አይደለም። ማሽን እንደሆነ የጅማ ሰው ለከፈለው ይሸጣል። ስጋቴን ወስዳ በእኔው ልክ ውሸት ሰፋችልኝ። «ውድ ነው» ብትለኝ ተለማምኜ እገዛ ነበር። «ተሸጧል» ብትለኝ ሌላ እጠብቅ ነበር። «የእኛ ወተት አያልፍበትም» አለችኝ፤ እዚህ ላይ እንደማልከራከራት ታውቃለች። እንዲህ አድርጎ ለመዋሸት ሰውን መውደድ ያስፈልጋል። ቢያንስ ማወቅ።

ቀኑን ሙሉ የማስታውሰው እሷን ሳስተምር ነው። ወተቱን ስታጮኸው ደንበኛው ሁሉ ዞር ብሎ ሲያያት፣ ጆሮዋ ድረስ ስትቀላ፣ እኔ ከኋላ ሆኜ «ጆጉን ዝቅ አድርጊ፣ ድምፁን ስሚው» ስላት። ወተት በትክክል ሲያዝ አዲስ ጨርቅ ቀስ ተደርጎ የሚቀደድ ዓይነት ድምፅ አለው። የገባት ቀን እየሳቀች አቀፈችኝ፣ ወተት በሽርጤ ላይ ደፋች። ያንን ሽርጥ እስከ ዛሬ ወለል እወለውልበታለሁ። ነገ እጥለዋለሁ።

ደወለች። አላነሣሁም። እንደገና ደወለች።

ታደሰ «ማሽን ነው፣ ሌላ ይገኛል» አለኝ። ማሽኑማ ይገኛል ታደሰ። አይተሽ ነይልኝ ብዬ የምልከው ሰው ነው ያጣሁት። ይህን አልነገርኩትም፣ ጮኽኩበት ብቻ። ምሳ ሠርቶ አቀረበልኝ፤ ሽሮው እንደ ውሃ ቀጥኗል። በላሁለት።

ቅዳሜ

ጋሽ ሰይድ በር አንኳኳ። ከረቡዕ ጀምሮ ጥፋቱ የእሱ ይመስል ከመሬት ዓይኑን አላነሣም። ከዩኒቨርሲቲው ተዛውሮ የሚሄድ አንድ አስተማሪ ትንሽ የቡና ማሽን እንደሚሸጥ ሰምቶ ኖሯል፤ «በእጅ የሚሠራ ነው፣ ቢሆንም ለጊዜው...» አለና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ሄደ።

አየሁት። ያ ትንሹ ነው። ጎኑ ተጭሯል፣ ልቡ ግን ደህና ነው። ታደሰ ተሸክሞ ሲያስገባው «ከእጅ አይሻል ዶማ» አለ። መታሁት፣ በግራዬ።

የዛሬ ድል፦ ቡናው። ከማንኪራ የመጣውን ወቅጠን፣ እጀታውን በግራ እጄ አጥብቄ፣ አፈሰስኩት። ወፍራም፣ የጫካ ማር መልክ ያለው ሆኖ ወረደ። የራሴ ቡና፣ በራሴ ቤት። ብቻዬን ፈገግ አልኩ።

የዛሬ ሽንፈት፦ የቀረው ሁሉ። ጆጉን በቀኝ ስይዘው ሳይሞቅ ተንቀጠቀጠ። በግራ ስይዘው ግራዬ ምንም አያውቅም፣ ወተቱ እንደሚታረድ ጮኸ። አረፋው የልብስ ሳሙና አረፋ ሆነ። ድመታችን ላይ ፈሰሰ፤ የተደሰተችው እሷ ብቻ ናት። ታደሰ ጠጥቶ «ጥሩ ነው» አለ። በዚህ ሳምንት ውሸት በቅቶኛል አልኩት። «እንግዲያው አይጠጣም» አለ። እሱ ይሻላል።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዝናብ ጣለ። ምሳ እያነሣን በር ተንኳኳ። ታደሰ ከፍቶ ሲመለስ ፊቱን አይቼ አወቅኩ።

ሰብለ ናት። ነጠላዋ በስብሶ በሩ ላይ ቆማለች። ግቢ አልኳት፤ ዝናብ ላይ ሰው አይቆምም። ተቀመጪ አላልኳትም።

«ባለቤቱ አስወጣኝ» አለች። «ትናንት። ‹ቁልፍ መጫን ማን ያቅተዋል?› ብሎ የእህቱን ልጅ ማሽኗ ላይ አቆማት። እኔን ወደ ዕቃ አጠባው አለኝ። ያ የማይሆንሽ ከሆነ ደግሞ በሩ ክፍት ነው አለኝ።»

እውነቱን ልጻፍ። ደስ አለኝ። እጅ የማይፈልግ ማሽን አመጣች፣ ማሽኑም እጇን አልፈለገም። ጉሮሮዬ ላይ ሣቅ መጥቶ ነበር። ከዚያ በዚያው በር እኔ «ዕረፊ» ተብዬ ስወጣ ትዝ አለኝና ሣቁ እዚያው ቀረ።

ለምን ዋሸሽኝ? አልኳት።

«ለምን ጅማ እንደምሄድ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ‹ለእኛ አምጪው፣ የማሽኑ ኃላፊ አንቺ ትሆኛለሽ› አለኝ። ፈራሁ እትዬ ዘኑ። አንቺ ስትታመሚ ማን ጠየቀሽ? አይቻለሁ እኮ። አንቺ ባል አለሽ። እኔ ያለኝ ያ ሥራ ነው።»

«እኔም ያለኝ ያ ማሽን ነበር» አልኳት።

አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ይቅርታ አለችኝ፣ መሬት ልትስም ጎንበስ ስትል ያዝኳትና አቆምኳት፤ እንዲህ ዓይነት ነገር አልወድም። ዝናቡ ሲያባራ «ሂጂ በይ» አልኳት። ሄደች። ታደሰ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ትንሹን ማሽን አየ፣ እኔን አየ፣ ፈተናውን ማረም ቀጠለ።

ሰኞ

ከገጠር ወተት የምታመጣልን ሴት በጊዜ መጣች። መብራት አለ። መስኮቱን ከፈትኩት። ማኪያቶ ባይሆን ቡና እሸጣለሁ ብዬ ነው። ሁለት አስተማሪዎች ቆመው «ማኪያቶ አለ?» አሉኝ። የለም ስላቸው «ነገ እንመጣለን» ብለው አለፉ። ነገ እንመጣለን የሚል ደንበኛ አውቃለሁ፤ አይመጣም።

ወተቱን በግራዬ እንደገና ሞከርኩ። ጮኸ። ገንዳ ውስጥ ደፋሁት። ቀና ስል ሰብለ መስኮቱ ላይ ቆማለች። እኔ ሐሙስ ሆቴሉ እንደገባሁት፣ እንደ ደንበኛ።

«አንድ ማኪያቶ» አለች።

«ወተት የሚይዝ እጅ የለኝም» አልኳት።

ዞራ በበሩ ገባች። እጇን ታጠበች፣ ያ እጥለዋለሁ ያልኩት ሽርጥ በር ላይ ተሰቅሎ ነበር፣ እሱን አገለደመች። እኔ ቡናውን አፈሰስኩ፣ እሷ ጆጉን ያዘች። ከትልቁ ማሽን ሌላ ስለማታውቅ ነው ወይም ፈርታ፣ ወተቱ ጮኸባት። እንደ መጀመሪያው ቀን ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

«ጆጉን ዝቅ አድርጊ» አልኩ። ሳላስበው ነው የወጣኝ።

ዝቅ አደረገችው። ድምፁ መጣ፤ ያ የጨርቁ ድምፅ። ሁለታችንም ጆሮ ሰጥተን ቆምን፣ አልተያየንም።

ያልፉ የነበሩ የቢሮ ሰዎች ገዙ። ከዚያ ሌሎች ገዙ። ጋሽ ሰይድ ከሱቁ ድረስ መጥቶ አንድ ጠጣ፤ ሁለታችንን አይቶ «አልሐምዱሊላህ» አለና ሌላ ምንም አልጨመረም፣ እግዚአብሔር ይስጠው።

ወተቱ ሲያልቅ ሽርጡን ፈትታ ሰቀለችው። «ነገ ልምጣ?» አለች።

እንደማላምናት ነገርኳት። ለሌላ ሰው ያወራሽው አንድ ነገር ብሰማ በዚያው በር ትወጫለሽ አልኳት። ከእንግዲህ ከዚህች መስኮት አሳልፌ የትም አልልክሽም፣ ጨው ግዢ ብዬ እንኳ አልኳት። ሁሉንም ራሷን እየነቀነቀች እሺ አለች። ይቅር ብዬሻለሁ አላልኳትም፤ እሷም አልጠየቀችኝም።

የማንንም እጅ ላለመለመን ነበር ያን ማሽን የፈለግኩት። አሁን ሥራዬ የከዳችኝ ሴት እጅ ላይ ነው። ይህን ሳስበው ደረቴ ላይ አንድ ነገር እንደ ድንጋይ ይቀመጣል። ድምፁን ሳስታውስ ደግሞ ትንሽ ይነሣል።

ወደ ማታ ወተት የምታመጣውን ሴት መንገድ ላይ አገኘኋት። ነገ ጨምረሽ አምጪልኝ አልኳት።